ዘነበችን ልመልስ መቀሌ የሄድኩ ጊዜ

ከመቀሌ ከተመለስኩ ወዲህ ደጄን ያልረገጠ ጎረቤት የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ከተማው ነው፤ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ገበያው እንዴት ነው፣ መንገዱ ያስፈራል ወይ ይሉኛል። ዘነበችን ለምን ይዣት እንዳልመጣሁ ግን ደፍሮ የሚጠይቀኝ የለም፤ ፊቴን አይተው ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ጉሮሮዬን ከማደርቅ፣ ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ለማታውቁትም፣ ወጥታችሁ ከደሴ ለተመለሳችሁትም፣ ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው ብያለሁ።

ዘነበችን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከልጅነት ጀምሮ አጥር እንጂ ሌላ ነገር ያልለየን ጓደኛዬ ናት። በአንድ ሰሞን ተዳርን፣ በአንድ ሰሞን ወለድን፣ ባሎቻችንን የቀበርነውም በአንድ ደብር ነው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችንን የጀመርነው እኔና እሷ ነን። ልጇ መቀሌ ለማስተማር ሲቀጠር የልጅ ልጆቿን ላሳድግ ብላ ተከትላው ሄደች፤ ለጥቂት ጊዜ ነው ብላኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር፣ እኔ የጓዳውን ክፍል ኖራ አስቀብቼ ጠበቅኳት። አልመጣችም። በስልክ ስጨቀጭቃት "ይቺ የማኅበር ቀን ትለፍና" ትለኛለች። ያቺ ታልፋለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። እኔ እዚህ ቦታዋ እንዳይነካ ተራዋን በሷ ፈንታ እየደገስኩ፣ እሷ እዚያ ሌላ ማኅበር ገብታ ኖሯል! ዘመድ በሌለበት አገር ምን ይዟት ነው? ይህን ሳስብ እህል አልወርድ አለኝ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተነሣሁ። ለዘነበች የያዝኩላት የአገራችንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስና በቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ ነበር። ልጄ መቀሌ ቅቤ የለም እንዴ ቢለኝ፣ የመቀሌን ቅቤ ማን ጠየቀህ አልኩት። ያንን ቅቤ ስታሸትት አገሯ ትዝ ብሏት ልቧ ይነሣል ብዬ ነው። ትኬት የቆረጥኩት ለመሄጃ ብቻ ሲሆን፣ መመለሻውን ለሁለታችን እዚያው እቆርጣለሁ አልኩ።

አውቶብሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ ብርዱ የምታውቁት ብርድ ነው፤ ሰው ሁሉ እስከ ዐይኑ ተከናንቧል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በዳበሳ ይነዳ ነበር። ደብረ ሲና ስንወርድ ፀሐይ ወጣች፣ ቆሎ ሻጮቹም በየመስኮቱ ተንጠለጠሉብን። ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ከሚሴ ላይ ሹራቤን፤ ከዚያ በኋላ የማወልቀው ስላልነበረ በላብ ተጠመቅኩ። እኛ ፀሐይን ለምነን ነው የምናገኛት፤ እዚያ ደግሞ ሰው ጥላ ፍለጋ ይጋፋል።

ደሴ ላይ ሰይድ የሚባል ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጠ። ወሎዬ ነው፤ መቀሌ ሰሜን በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ ከደሴ ሽርጥና ሻሽ እየጫነ ይቸረችራል። አፉ ማር ነው። ለምን እንደምሄድ ስነግረው ሣቅ ብሎ፣ "ያሳካልዎ እናቴ፤ ግን መቀሌ እንግዳዋን ቶሎ አትለቅም" አለኝ። እሱ ሙስሊም ሆኖ፣ የሰፈሩ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ባላቸው ቁጥር ዳቦና ቆሎ ይልኩለታል፤ ሥጋቸውን እንደማይበላ ስለሚያውቁ ለሱ የሚሆነውን አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡለታል። ይህንንማ እኛም እናደርጋለን አልኩት። ለማን እንዳደረግን ላስታውስ ብሞክር ግን አንድም ሰው አልመጣልኝም። ወሬውን ወደ ሽርጥ ዋጋ መለስኩት።

ወልዲያ ስንደርስ አልጋ ቤቱ ሁሉ ሞልቷል። በመጨረሻ አንዲት ባለ አልጋ ቤት የልጇን ክፍል ለቀቀችልኝ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ቢስቡትም ቢገፉትም እምቢ አለ። ሴትየዋ የራሷን ጋቢ አምጥታ በምስማር ወጥራ ሰቀለችልኝ፤ እኔን ይበርደኝ ይሆን ብላ እሷ ያለ ጋቢ አደረች። የኛ አገር መስኮት እንዲህ ቢሆን ጠዋት አስከሬን ነው የሚወጣው፤ የወልዲያው ግን ነፋሱ ራሱ ገር ነው። በማግስቱ ልከፍላት ስል የአልጋውን ብቻ ወሰደች። ስሟን ሳልጠይቃት መሄዴ አሁንም ይቆጨኛል።

ቆቦ ስንደርስ ጉድ ፈላ። ቅቤው ሙቀቱን አልቻለም፤ ቀልጦ ከቅሉ አፍ እየተንጠባጠበ የሰይድን የሽርጥ ጥቅል ዳር አርሶት አየሁ። ሐፍረት ገደለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ በማንኪያ እየፈለጥን የምናወጣው ቅቤ እንዲህ ወራጅ ውኃ ይሆናል ብዬ በምን ልጠርጥር? እከፍልሃለሁ ብለው አሻፈረኝ አለ። ቅቤ በረካ ነው፣ የነካውን ሽርጥ ራሴ እለብሰዋለሁ አለና ቅሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ከአላማጣ ወዲያ ግራ ካሕሱ የሚሉትን ተራራ ስንወጣ፣ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ኪዳነ ምሕረትን ስጠራ፣ ሰይድ የሚጠብቀው ቅሉን ነበር። ማይጨው ላይ ምሳ በላን፤ አላጀን አልፈን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መቀሌ ገባን።

መናኸሪያው ውስጥ ዘነበችን በዐይኔ ስፈልግ፣ አንዲት ረዘም ያለች ሴት ሰዉን እየገፋች መጥታ ተጠመጠመችብኝ። "እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ፣ ሓፍተይ" አለችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ ማለቷ መሆኑን ፊቷ ነገረኝ። ግራ ቀኝ እያገላበጠች ስትስመኝ፣ አሁንስ አበቃ ባልኩ ቁጥር ሌላ ትጨምራለች። ከዚያ በአማርኛ፣ ትርሓስ እባላለሁ፣ ዘነበች እግሯን አሟት ነው እኔ የመጣሁት አለች። ዘነበች እግሯን እንደሚያማት እኔ አላውቅም። ይባስ ብሎ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ሻል፣ እኔ ራሴ በኪሮሽ ሠርቼ ለዘነበች የላክሁላት ነው። ጠርዙ ላይ የሳትኩት ስፌት እንኳ ፊት ለፊቴ ተገትሮ ያየኛል። ሰይድ ቅሉንና ሻንጣዬን ለሷ አቀብሎ፣ እኔን አይዞዎት ብሎኝ ሄደ።

በሚኒባስ ሄደን ሓድነት የሚሉት ሰፈር ወረድን። ዘነበች የምትኖረው በትርሓስ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እያነከሰች ወጥታ ስትይዘኝ ሁለታችንም አለቀስን፤ ትርሓስም ከጎናችን ቆማ አለቀሰች። አንቺ ምን ያስለቅስሻል ልላት ምንም አልቀረኝም። እራት ሲቀርብ ትርሓስ ጎመኑን ከፊቴ አነሣችው፤ ጎመን ሆዴን እንደሚነፋኝ ታውቃለች! ባሌ የሞተበትን ወር ታውቃለች፣ የበኩር ልጄ ከሚስቱ ጋር እንደማይስማማ ሁሉ ታውቃለች። እኔ ግን ስለሷ የማውቀው አንድ ነገር የለም። ሁለቱ በትግርኛ ሲያወሩ ዘነበች እየተንከተከተች ትሥቃለች። ምን አለችሽ ስላት፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ አያስቅም አለችኝ። የኔና የሷ ቀልድ ስንት ዘመን ያለ አስተርጓሚ ሲያስቅ እንደኖረ እያሰብኩ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ሦስታችን ቀስ እያልን ወደ እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ከተማው ከዚያ ኮረብታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቤቱ የተጠረበ ድንጋይ ነው፣ እንደኛ ጭቃና ቆርቆሮ አይበዛበትም። እዚያ ያለውን የጥንት የጦር ምሽግ አሳዩኝ፤ እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ከተማሪው ጀምሮ እስከ አትክልት ሻጯ ድረስ ዘነበችን ሳይስም የሚያልፍ የለም። "ኣደይ ዘነበች" ይሏታል፤ እናቴ እንደማለት ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ማን እናቴ ብሏት ያውቃል? ሁላችንም ዘነበች፣ ሲብስ ዘኔ ነው የምንላት። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አንዲት ወጣት ተነሥታ ነጠላዋን ድንጋዩ ላይ አነጠፈችላት። ለኔም አነጠፉልኝ፤ ለእንግዳዋ ነው እንጂ ለኔ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል።

እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው የመጣሁበትን ያወጣሁት። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ የሚመጣው ሰኞ አውቶብስ አለ፣ ተነሺ እንሂድ አልኳት። ዘነበች ከማኅበሩ በኋላ እንነጋገር አለችኝ። ትርሓስ ሻማ ልትገዛ ስትሄድ ነው ቀስ ብላ የነገረችኝ። ልጇ ከሄደ በኋላ ቋንቋው ስላልገባት፣ ከቅዳሴ በኋላ ከግንቡ ሥር ብቻዋን እየተቀመጠች ቤቷ ትመለስ ነበር። አንድ እሑድ ትርሓስ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አማርኛዋ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም፤ የዘነበች ትግርኛ ደግሞ ጭራሽ የለም። የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፣ አብረው በሉ፣ ተለያዩ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ዘነበች ታመመች። የሳንባ ምች ነበር፤ የትርሓስ ማኅበር ሴቶች ተራ ገብተው እያደሩ አስታመሟት፣ ሲሻላት ትርሓስ ክፍሏን ሰጠቻት።

"ታመሽ ነበር?" አልኳት።

"ክፉኛ።"

"ለኔ አልነገርሽኝም። ለሷ ነገርሻት፣ ለኔ አልነገርሽኝም።"

"ለሷ አልነገርኳትም ጥሩዬ" አለችኝ። "ቅዳሴ ስቀር ጊዜ ናት የመጣችው። ለአንቺ ብነግርሽ በዚያ በክረምት ዝናብ ከች ትያለሽ፣ ጭነሽም ትወስጂኛለሽ።"

እውነቷን ነው፤ ጭኜ ነበር የምወስዳት። ግን እውነት መሆኑ ምን ይጠቅመኛል? ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ። ትርሓስ ጥሕሎ ሠርታ አቀረበችልኝ፤ የገብስ ድብልብል ነው፣ በእንጨት እየወጉ ወጥ ውስጥ ነክረው ይበሉታል። ይጣፍጣል፤ አልጣፈጠኝም አልኩ።

ጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ደረሰች፤ ደጋሿ ትርሓስ ራሷ ነበረች። ዶሮው የኔ ነው ብዬ ወጥ ቤቱን ያዝኩት። ብልቱን አንድም ሳላዛንፍ አወጣሁ፣ በዚያ መከረኛ ቅቤ አቁላልቼ እንደኛ አገር አድርጌ ሠራሁት። ሴቶቹ እየመጡ ቀምሰው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትርሓስን በለጥኩ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ እሷ በየተራ እያዞረች ዶሮውን የሠራችው ጥሩወርቅ ናት እያለች ታስቀምሳለች። ሰው እንዴት ተሸንፎ እንዲህ ደስ ይለዋል?

ቄሱ፣ ኣቦይ ቀሺ ይሏቸዋል፣ ጸበል ጸዲቁን ባረኩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ምክራቸውን በትግርኛ ሰጡና መልሰው ያንኑ በአማርኛ ደገሙት። ዘነበች ከገባች ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርጉት አሉኝ። ለአንዲት ሴት ብለው! እኛ ማኅበር ላይ ይህን ያህል ዘመን አንድ ቃል ለማንም ደግመን እናውቃለን?

መጨረሻ ላይ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለት ነው፣ ኣደይ ብርኽቲ የሚባሉ አሮጊት ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ይዘው ተነሡ። ዘነበች ነጠላዋን አደግድጋ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ነው ነገሩ የገባኝ። የሚመጣው ወር ተረኛ እሷ ናት። ጽዋውን ከተቀበለች እስከ ኅዳር ኪዳነ ምሕረት ንቅንቅ አትልም፤ ሰኞ አብራኝ አትሄድም። ስለዚህ ነው ከማኅበሩ በኋላ እንነጋገር ስትለኝ የሰነበተችው።

እንግዲህ እኛ ጋ ወጉን ታውቃላችሁ። እንግዳ ካለ ጽዋውን መጀመሪያ የሚቀበለው እንግዳው ነው፤ ሰዉን ያሳልምና ለሙሴው ይመልሰዋል፣ ከዚያ ሙሴው የሚመጣውን ወር ደጋሽ ይጠይቃል። እኔም፣ ጽዋው በኔ እጅ አልፎ ለሙሴዋ ሲመለስ፣ ዘነበች እግሯን አሟታልና ተራው ለሌላ ይሰጥ ብዬ እናገራለሁ አልኩ በልቤ። ብድግ ብዬ ከዘነበች ቀድሜ ተንበረከክሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ኣደይ ብርኽቲ አንድ አፍታ አዩኝ፣ ጽዋውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

ወዲያው እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ሴቶቹ እየተነሡ ይስሙኛል፣ አንዷ እያለቀሰች እግሬ ሥር ትወድቃለች። እኔ ጽዋውን ላሳልማቸው ባቀርብላቸው አንዷም አትሳለምም። ትርሓስ ናት በጆሮዬ የነገረችኝ፤ እነሱ ጋ እንግዳ ጽዋ አይነካም። ተንበርክኮ የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ይደግሳል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ማኅበርተኛ ነው። በፈቃዷ ከሩቅ አገር መጥታ ጽዋ የተቀበለች ሴት አይተው አያውቁም፤ ኪዳነ ምሕረት ላከችልን ነው የሚሉት።

ቄሱ ሁኔታዬን አይተው፣ ካላወቅሽ መመለስ ትችያለሽ፣ ማንም አያስገድድሽም፣ ቅዱስ ነገር በግድ አይሆንም አሉኝ። ልመልሰው እጄን ሳነሣ ትርሓስ፣ "በሊ ሓፍተይ፣ አትጨነቂ፤ አንቺ አገርሽ ግቢ፣ በስምሽ እኔ እደግሳለሁ" አለች። በኔ ስም ትርሓስ ልትደግስ? ዘነበች ፊት፣ የኔን ጽዋ እሷ ልታነሣ? በሞቴ አይሆንም። ጽዋውን ደረቴ ላይ ለጠፍኩና እኔው ነኝ የምደግሰው አልኩ።

በማግስቱ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ዘነበችን ወጋቸውን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ ብዬ ተቆጣኋት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አደረገች።

"እጅሽ ሲመጣ አየሁት" አለችኝ። "የኔን ወደ ኋላ ሳብኩት።"

"ለምን?"

"አንድ ወር ትኖሪልኝ ይሆናል ብዬ።"

ተቆጣሁ ደግሞም ደስ አለኝ። ሰኞ አውቶብሱ ያለ እኛ ሄደ፤ ለልጄ ደውዬ እቆያለሁ ስለው ታመሽ ነው ወይ ብሎ ደነገጠ።

ያንን ወር ቀን በቀን ብጽፈው አያልቅም። ኅዳር ኪዳነ ምሕረት የምትውለው ጾመ ነቢያት በገባ ማግስት መሆኑን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው። ዶሮዬም ቅቤዬም ገደል ገባ። በጾም ማኅበር እነሱ ጋ የሚጠበቀው ሕልበት ነው፤ ከባቄላና ከአብሽ ዱቄት ተቀቅሎ፣ እስኪነጣና እስኪኮፈስ በእጅ የሚመታ። እኔ የመታሁት ሁሉ እንደ ሙቅ ቀጥኖ ይቀራል። ትርሓስን ከመጠየቅ ጎረቤት ልጠይቅ ብዬ ሁለት ቤት ዞርኩ። ሁለቱም፣ ከትርሓስ በላይ የሚያውቅ የለም አሉኝ፤ ወደሷው ተመለስኩ።

ስታስተምረኝ ታዲያ አፌ አላረፈም። ዘነበች ያንን ሻል መቼ ነው የሰጠችሽ አልኳት። ትርሓስ ግራ ገባት። "አልሰጠችኝም" አለች። "አንቺ እኮ መልኬን አታውቂውም። የእጅሽን ሥራ ስታዪ እንድታውቂኝ ብዬ ነው የለበስኩት።" የሳሳ ነገር ነው ብላ ዘነበች በሣጥን ነው የምታስቀምጠው፣ ትርሓስ ለዚያ ቀን ብቻ ለምና ነው ያስወጣቻት። እኔ ደግሞ ሳላውቃት ቀርቼ ሳይሆን በደንብ አውቄያት ነው የጠላኋት። ሕልበቱን አጥብቄ መታሁት፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ቀኑ ሲደርስ የዘነበች ክፍል ማኅበርተኛውን አይችልም። ትርሓስ አልጋዋን ሳይቀር ደጅ አውጥታ ቤቷን ለቀቀችልኝ። ጠዋት የመታሁት ሕልበት እንደልማዱ ተኛብኝ፤ እሷ በጓሮ በር ገብታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እንደገና አስነሣችውና ለማንም ትንፍሽ ሳትል ወጣች። ሰው መምጣት ሲጀምር የራሷ በር ላይ ቆማ፣ "እንኳን ወደ ጥሩወርቅ ቤት መጣችሁ" እያለች ታስገባ ነበር። ከዚያ በሩ አጠገብ ዝቅ ያለችው ዱካ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ፣ እኔ ያቀረብኩላትን በላች። ቀናሁባት። አሁን የምቀናው በዘነበች ምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልብ እኔ ስለሌለኝ ነው። ኣቦይ ቀሺ ምክራቸውን ሲሰጡ አማርኛውን አስቀደሙት፤ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝና።

መጨረሻው መጣ። እነሱ ጋ ጽዋውን ለተረኛ የሚያስረክበው ሙሴው ብቻ አይደለም፤ ደጋሹም አብሮ ይይዘዋል። ኣደይ ብርኽቲ ጽዋውን በአንድ በኩል ያዙ፣ እኔ በሌላው። ተረኛዋ ዘነበች ናት። እግሯ እያመማት ከፊቴ ተንበረከከች።

አልለቀቅኩም። አሁን ከሰጠኋት በቃ፣ የሚመጣውንም ወር፣ ከዚያ የሚመጣውንም እዚህ ናት። ደብረ ብርሃን ያለው ክፍል ኖራው እንደነጣ ይቀራል። ልወስዳት አገር አቋርጬ መጥቼ፣ በገዛ እጄ ላስረክባት ነው። ኣደይ ብርኽቲ አልጎተቱኝም፤ ቤቱ ሁሉ ጠበቀኝ። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ውስጥ ልመና አለ።

"ስጪኝ ጥሩዬ" አለችኝ። "ያሳደሩኝ እነሱ ናቸው።"

ሰጠኋት። እጄ ሲቀል እዚያው አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ ትርሓስ መጥታ ሁለታችንንም በአንድ ክንድ አነሣችን። እልልታውን የጀመረችው እሷ ናት። እኔም እልል አልኩ፤ እንባዬ እየወረደ ስለሆነ ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኙኝ። ሻንጣዬ ከመጣሁበት ይልቅ ከብዷል፤ የአብሽ ዱቄት፣ ማር፣ ትርሓስ ለምራቴ የላከችው ሻሽ ሁሉ አለበት። ኣደይ ብርኽቲ ዙሩ ሞልቶ ተራዬ ሲደርስ አስቀድመው እንደሚያስደውሉልኝ፣ በሰበብ እንዳልቀር አስጠነቀቁኝ። ዘነበች በመስኮቱ እጄን ይዛ መኪናው እስኪንቀሳቀስ አልለቀቀችም።

እንግዲህ የማኅበሬ ሴቶች፣ የዘነበችን ቦታ ከእንግዲህ ባዶ አታቆዩት። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጥግ ብቻዋን የምትቀመጥ፣ ከየት እንደመጣች ጠይቀናት የማናውቅ አንዲት ሴት አለች፤ ባለፈው እሑድ ዳቦ ይዤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ከጽድቄ ብዛት አይደለም። መቀሌዎቹ በልጠውን እንዲቀሩ አልፈልግም። ተራዬ ደርሶ መቀሌ ስሄድም፣ የኛ ሳለች የነሱ ሆነች ብላችሁ ብትቀኑ አልፈርድባችሁም። ቅናቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ለመንገድ ያስነሣኝ እሱ ነው።